ክፍት ምንጭ በአርብ ገበያ

ባለፈው መስከረም ለለቅሶ ወደ አርብ ገበያ ስወርድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መስታወት ላይ ሲዲ ተንጠልጥሎ ነበር። ሾፌሩ በቀይ ክር አስሮ ከመስቀሉ ጎን ሰቅሎታል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይሽከረከርና የጠዋቷን ፀሐይ አንዴ በእኔ ዓይን፣ አንዴ ከጎኔ በተቀመጡት ቄስ ጥምጥም ላይ ይረጫታል። ቄሱ ቢቸግራቸው «ምንድን ነው ይኼ የሚያጥበረብረን?» አሉ። «ሲዲ ነው አባ፤ ድሮ ዘፈን የሚጫንበት» አለ ሾፌሩ። ልጁ ሲዲን የሚያውቀው በጌጥነቱ ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሲዲውን ላለማየት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የጋይንትን ገደል እያየሁ፣ ሳላስበው ወደዚያ ዘመን ተመለስኩ።

ዓመተ ምሕረቱን ከመጥራት ፕላዝማ የገባ ሰሞን ብል ይቀለኛል፤ በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ መምህሩ ከተማሪው እኩል አንገቱን አቅንቶ የሚማርበት ጊዜ ነበር። አርብ ገበያ ላይ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ከነቦምቦሊኖው ደግሞ አንድ ብር። እኛ ሴት መምህራን ረዥም የጂንስ ጉርድ በሹራብ መልበስ ጀምረን ሽማግሌዎቹ «ይኼ ሸራ ምንድን ነው?» ይሉን ነበር። ወንዶቹ አፍንጫው የሾለ ጫማ ያደርጋሉ፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ጭቃው ጫማውን ከነአፍንጫው ይውጠዋል። መኪና መቆሚያው ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ አርብ አርብ በሬውንም አህያውንም ሸጦ የመጣ ገበሬ እዚያ ደጃፍ ቆሞ የማሲንቆ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ሳይሰማ ወደ አገሩ አይመለስም። በርበሬው እየነፈሰ ያስነጥሰናል፤ ካሴቱ ሲጨረስ ልጁ በእስክርቢቶ ያጠነጥነዋል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቆሟል፤ ያስነጠሰኝ በርበሬ ብቻ እንደ ነበረ ነው።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ደርዘን የማይሞሉ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከአንድ በጎ አድራጊ አግኝቶ፣ አንድ ክፍል ተለይቶላቸው ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ይርጋ ነበር። ይርጋ ልጅነቱን ቤተ ልሔም በሚባለው የጋይንት የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ሲማር፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ሲለምንና ውሻ ሲያባርረው ያሳለፈ፣ ኋላ ድጓውን እኩሌታ ላይ ትቶ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጣ ሰው ነው። ድምፁ ያምራል። ተጫዋችም ነበር፤ ሲስቅ ጠረጴዛ ይደበድባል። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። አበልጄ ሆነ ማለት ነው። በእኛ አገር ባልና ሚስት ተጣልተው ይፋታሉ፤ ለአበልጅ ግን መፍቻ የተባለ ነገር አልተበጀም። እሱ እኔን «እታለም» ይለኛል፤ እኔም እናቴ ከወለደቻቸው ወንድሞቼ ለይቼ አላየውም ነበር።

ያን ጊዜ ኮምፒውተሮቹን ቫይረስ ይበላቸው ነበር። አንድ ተማሪ ከከተማ የመጣ ፍላሽ ይሰካል፤ በሳምንቱ ሁሉም ይታመማሉ። የተጻፈው ይጠፋል፤ ፎልደሩ ቢከፍቱት አይከፈትም። ይርጋ ያጸዳል፤ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ አቶ ሙሉ፣ ርእሰ መምህራችን፣ ክፍሉ ይቆለፍ አሉ። በዚያው ክረምት ለኮርስ ባሕር ዳር ስሄድ አንድ ወጣት አስተማሪ ስለ ሊኑክስ ነገረን። እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ የሚያስነሳውና የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ዓለም ላይ ተበትነው ያሉ ሰዎች በጋራ ይሠሩታል፣ ውስጡ ለማንም የተገለጠ ነው፣ ገልብጦ ለጎረቤት መስጠት አይከለከልም፣ ዋጋም የለውም አለን። ያ የፍላሽ ቫይረስ ደግሞ እሱን አያውቀውም። አድራሻ ከሞላችሁ ሲዲውን እስከ ቤታችሁ በነፃ ይልኩላችኋል ሲል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ከክፍል ስወጣ በቀጥታ ኢንተርኔት ቤት ገባሁና የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ሞላሁ።

ጥር ላይ መጣ። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ካርቶኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ስንት ከፍለሽበት ነው?» አለኝ። «ምንም» ስለው ዓይኑን አጠበበ። «ኧረ ተይ መምህርት! ባሕር ማዶ ተቀምጦ ላርብ ገበያ ሰው በነፃ ዕቃ የሚልክ ማን አለ? ሃይማኖት ሊያስለውጡሽ እንዳይሆን ብቻ።» ካርቶኑን ደረቴ ላይ አቅፌ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ይርጋ ክፍሉን ከፈተልኝና ከሁሉ የደከመውን ኮምፒውተር መርጠን ሲዲውን አጎረስነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደሎች ይጎርፉ ጀመር፤ ማቆሚያም ያላቸው አይመስሉም። «ይኼስ ዳዊት ደጋሚ ነው!» አለ ይርጋ። ከዚያ ቀለሙ መጣ፣ ድምፁ መጣ፣ የሞተው ኮምፒውተር ተነሣ። ተያይዘን ጨፈርን። በፋሲካ ማግስት ክፍሉ በሙሉ ሊኑክስ ሆነ፤ በሩም ከክፍል በኋላ እስከ ማታ ክፍት ሆነ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ሴቶች ልጆች እዚያ ያመሹ ጀመር። ከዋክብትን የሚያሳይ ፕሮግራም ነበረው፤ ኮከቡን ሁሉ በስሙ ይጠሩት ጀመር። ከዚያም የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ፤ የሳይንስ ቃላትን በአማርኛ እየፈቱ፣ ከእርሻውና ከአውድማው ምሳሌ እየጨመሩ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። የማረሻን ድግርና ሞፈር ይዞ የጉልበት ሕግን የሚያስረዳ መጽሐፍ እስካሁን አላየሁም፤ እነሱ ግን ጽፈውት ነበር።

እኔም አላርፍ አልኩ። ሰው ሁሉ ይሞክረው ብዬ ተነሣሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ክፍት ምንጭ እንጠቀም!» ብዬ ለጠፍኩ፤ ውስጡ ለሁሉ ለተገለጠ ፕሮግራም ባሕር ዳር የተማርነው ስያሜ እሱ ነበርና። አቶ ሙሉም ደስ ብሏቸው ሐሳቡን በደብዳቤ ለወረዳው አሳወቁ። የወረዳው መዝገብ ቤት ርእሱን ብቻ አንብቦ ለውሃ ጽሕፈት ቤት መራው። አንድ ጠዋት ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። የውሃ ቴክኒሻኑ ነው፤ አቧራ ለብሶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ክፍት ምንጭ ተጠቀሙ እያለች ተማሪ የምትቀሰቅሰው መምህርት እርስዎ ነዎት?» አለ። ነኝ አልኩ። «እኛ ክፍት ምንጭ አትጠጡ፣ ከብት የሚንቦጫረቅበት ነው፣ አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው፣ ምንጭ ይጎልብት፣ በግንብ ይከደን እያልን ጉሮሯችን ደርቋል። እንዴት የተማረ ሰው እንዲህ ይላል? ይልቅ ምንጩን ያሳዩኝ።» ይርጋን ጠርቼ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ወሰድነው። ሰውዬው ዙሪያውን ቃኘ፤ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። «ታዲያ ውሃው የታለ?» ሲል ይርጋ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ መሳቅ እንኳ አልቻለም። ካስረዳነው በኋላ ራሱም ስቆ ስቆ እንባውን ጠረገ፤ በሳምንቱ የቢሮውን ኮምፒውተር ሞተሩ ላይ አስሮ አመጣልንና ጫንንለት። ከዚያ ወዲያ ይርጋ ባገኘኝ ቁጥር «እታለም፣ ውሃው የታለ?» ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ይርጋ የድጓ መምህሩን ሊጠይቅ ወደ ቤተ ልሔም ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። የኔታ ከደቀ መዛሙርቱ መካከል በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ይርጋ ጉልበታቸውን ስሞ፣ እኔ እንኳ ባልደፈርኩት ድፍረት ስለ ሊኑክስ ያጫውታቸው ጀመር። «የኔታ፣ ልክ እንደ ድጓው ማለት ነው። የፈለገ ይገለብጠዋል፤ የገለበጠውን ለሌላው ይሰጣል፤ ግድፈት ያገኘ ያርመዋል። የኔ ነው ብሎ የሚከለክል የለም።» የኔታ «ታዲያ የሠራው ሰው ምን ይበላል?» አሉ። «እርስዎ የሚበሉትን» አለ ይርጋ። «እንግዲያማ ጦም አዳሪ ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ፤ ተማሪዎቹም ሳቁ። ቀጥለው ኮስተር አሉና «ማንም ያርመዋል ካልህ፣ ያረመውን ማን ይመሰክርለታል? እኛ ዘንድ በመምህራን ፊት ተፈትኖ ሳይመሰክር የሚያስተምር የለም» ብለው ጠየቁት። እዚያም ቤት አዋቂዎች አይተው ካላጸደቁት አይገባም ብሎ መለሰላቸው። «የድጓውን የዜማ ምልክትስ ከፊደሉ ላይ ይጽፋል?» አሉ። «እሱ ገና ነው የኔታ።» «እንግዲያው ገና ነው» አሉ። ስንሰናበት ግን እጁን ይዘው «ይኼስ ደግ ነገር ነው። ብቻ ድጓውን እኩሌታ ላይ ጥለኸው እንደ ሄድህ ይኼንንም እንዳትጥለው» አሉት። ይርጋ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ በዚያን ቀን ያየሁትን ይርጋን ነው እስከ ዛሬ የማለቅስለት፤ የመጣልኝን ሰው ሁሉ በእኔ አንደበት ሳይሆን በእሱ የድጓ ምሳሌ ነበር የማሳምነው።

ምልክቱን ባስተውል ኖሮ አስቀድሞ ይታየኝ ነበር። ያ ካሴት ቤት ሲዘጋ ይርጋ ቦታውን በሚስቱ ስም ተከራየ። ሰማያዊ ቀለም ቀባውና «ፎርማት እናደርጋለን፣ ቫይረስ እናጸዳለን፣ በሚሞሪ ዘፈን እንጭናለን» የሚል ታፔላ ሰቀለ። ደስ አለኝ፤ የምረቃው ቀን ድፎ ዳቦ ጋግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ። የስልክ ሚሞሪ የያዘ ኮበሌ ሁሉ ተሰልፎ ዘፈን ያስጭን ነበር፤ የሠርግ ሰሞን ደግሞ ሱቁ እግር አያስቆምም። እኔ በበኩሌ የቫይረስ ምሬት ያለበትን ሰው ሁሉ፣ የጤና ጣቢያውንም የፍርድ ቤቱንም ጸሐፊ፣ እየያዝኩ ሲዲ እሰጣለሁ፤ ጊዜ ሳገኝም ራሴ እጭንላቸዋለሁ። የተጫነለት ሰው ወደ ሱቁ ለጽዳት አይመለስም። አንድ ቀን ይርጋ እየሳቀ «እታለም፣ እንጀራዬን ልትዘጊው ነው እንዴ?» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኛል።

ከዚያ ገምጋሚዎች መጡ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላኩ ናቸው፤ የተማሪ ምዝገባ የሚሠራ ፕሮግራም ይዘው መጥተው በየትምህርት ቤቱ ይጭናሉ። በእኛ ኮምፒውተሮች ላይ አልከፈት አለ፤ የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነበርና። ቀላል ነገር ነበር፤ አንዱን ኮምፒውተር ለእሱ ብቻ ብንለይ ያልቅ ነበር። እሱን ልናገር ተዘጋጅቼ ነው ስብሰባው የገባሁት። መምህራኑ በሙሉ ተቀምጠዋል፤ አቶ ሙሉ ከፊት ናቸው፤ የቡድኑ መሪ ብዕሩን እያንኳኳ «የመንግሥት ንብረት ላይ ያልታወቀ ነገር የጫነው ማን ነው?» አለ። «እኛ ነን» ብዬ ተነሣሁና ወደ ይርጋ ዞርኩ፤ አብሮኝ ይነሣል ብዬ፣ ያቺን የቤተ ልሔሟን ምሳሌ ይነግራቸዋል ብዬ። ይርጋ ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ። «እኔ እንኳ ይቅርብሽ ብዬ መክሬያት ነበር» አለ። «ክፍት ምንጭ ነው ትለናለች። ክፍት ምንጭ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ የጤና ባለሙያዎቹን መጠየቅ ነው።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቡድኑ መሪ እንኳ ብዕሩን ጥሎ ሳቀ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። አቶ ሙሉ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

መቀለዱን እችለው ነበር። ያቺ ሳቅ ግን የሁለታችን ነበረች፤ ከውሃ ቴክኒሻኑ ጋር እያለቀስን የሳቅናትን ሳቅ ወስዶ ሰው ፊት በእሷው መሳለቂያ አደረገኝ። ከዚያ የባሰው ደግሞ በዚያው ሳምንት ሆነ። ክፍሉን ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ ተቀምጦ፣ ከሱቁ ባመጣው የተገለበጠ ሲዲ ሁሉንም አንድ በአንድ አጠፋቸውና ዊንዶውስ ጫነባቸው። ስሰማ ሮጥኩ። የመጨረሻው ላይ ደርሷል። «የልጆቹን መዝገበ ቃላት ገልብጠህ አስቀምጠሃል?» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። «ጊዜ አልነበረም እታለም» አለ። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ፍላሽ እንደ ባቄላ ተዘርግፎ፣ በኪሱም አንድ ሁለቱ እያሉ፣ ጊዜ አልነበረም አለኝ! ልጆቹ ሲመጡ ማን ይንገራቸው? እኔ ነገርኳቸው። አንዷ «ሁሉንም፣ የድግሩንም?» አለችኝ። የድግሩንም አልኳት። በዓመቱ ኮምፒውተሮቹን ቫይረስ ጨርሷቸው ክፍሉ ተመልሶ ተቆለፈ፤ ኋላ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ አደረጉት ሲሉ ሰማሁ።

እኔን «ለሥራው መቃናት» ተብሎ ወደ ስማዳ፣ ወደ ወገዳ አዛወሩኝ። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል፤ በጭነት መኪና ከእህል ጆንያ ጋር ተንገጫግጮ መድረስ ነው። ወገዳ ደግ ሰው ገጠመኝ፤ ልጆቼን አሳደግኩበት፣ ጡረታም የወጣሁት ከዚያው ነው። የሰጠኋቸው ሲዲዎች በየቤቱ የት እንደ ወደቁ አላውቅም። አንድ ሁለቴ ለአዲሶቹ መምህራን ስለ ሊኑክስ ልነግር ብዬ አፌን ስከፍት ያ የአዳራሹ ሳቅ ይመጣብኝና መልሼ እዘጋዋለሁ። አሁን ልጄ በአብዛኛው ሰው ኪስ ያለው ስልክ ውስጡ ሊኑክስ መሆኑን ነግሮኛል። ገበሬው ሳያውቀው ይዞት ገበያ ይወጣል፤ የእኔ መታገል ለምን ነበር? ይርጋ ግን በየፋሲካው ለክርስትና ልጁ ልብስ መላኩን አላቋረጠም። እኔም የላከውን መልሼበት አላውቅም። አበልጅ ነዋ።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም የሄድኩት ለአቶ ሙሉ ለቅሶ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽበታም፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ነጠላውን እያስተካከለ መጣና «እታለም!» ብሎ አቀፈኝ። ይርጋ ነው። ስለ ልጄ ጠየቀ፤ ሥራ መያዙን ስነግረው ከልቡ ደስ አለው፤ እውነቴን ነው፣ ከልቡ ነበር። «ነይ፣ ሱቄን ሳታይ ልትሄጂ ነው?» አለኝ። የአበልጅ ግብዣ እምቢ አይባልም። ባለ ሁለት ፎቁ ቤት የእሱ ነው ለካ። ከፊት ወጣቶች ተቀጥረው ስልክ ይጠግናሉ፣ ፎቶ ያትማሉ፤ አንዱ ገበሬ የልጁ ላፕቶፕ ቫይረስ በልቶት ይዞ ቆሟል። ይርጋ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባኝና ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ በራሱ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ኮምፒውተር አለ። ስክሪኑን አንዴ ስመለከተው አወቅኩት። ሰው የቤቱን በር አይስትም።

«ይርጋ፣ ይኼ ሊኑክስ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ» አለ፤ ለስላሳ መጠጥ ከፍሪጅ እያወጣ።

«መቼ ጫንከው?»

«ኧረ ከያኔ ጀምሮ ነው እታለም! ኮምፒውተሩን እለዋውጣለሁ እንጂ እሱን ለውጬው አላውቅም። መጀመሪያ የጫንኩት እኮ አንቺ በሰጠሽኝ ሲዲ ነው።»

«ያኔ… የልጆቹን ያጠፋህ ጊዜም ነበረህ?»

ጠርሙሱን ከፍቶ ሰጠኝ። ቅር ያለው እንኳ አይመስልም፤ እንደ ድሮው ሳቀ። «የሱቄ ሥራ ሁሉ ያለበት ነው፤ የራሴንማ ለቫይረስ አስበላለሁ እንዴ?»

ጠርሙሱን ተቀብዬ ያዝኩት፤ መጠጣት ግን አቃተኝ። ያን ሁሉ ዓመት ይቅር ስለው የኖርኩት፣ ፈርቶ ሊኑክሱን እንደ ድጓው ጣለው ብዬ ነው።